ከአረም ወደ ጎመን፦ ፀረ-አረምን የመቋቋም ባሕርይ በማዳቀል የሚገኝበት ዘዴና ለወለጋ ያለው ትርጉም

1. መግቢያ

በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ ከተሞች ዙሪያ ጎመን የሌለበት ጓሮ ማግኘት ያስቸግራል። በኦሮምኛ «ራፉ» የሚባለው ይህ ተክል፣ በክረምት የጎተራ እህል በሚመናመንበትና አዲሱ በቆሎ ባልደረሰበት ጊዜ ቤተሰቡን ደግፎ የሚያሻግር ምግብ ነው። በዚያው ጓሮ አጠገብ ደግሞ የበቆሎ ማሳ አለ። በበቆሎው ማሳ ላይ አትራዚን ያለባቸውን ፀረ-አረሞች፣ ለምሳሌ የአትራዚንና የኤስ-ሜቶላክሎር ቅይጥ የሆነውን ፕሪማግራምን መጠቀም እየተለመደ መጥቷል። በሰኔና በሐምሌ የበቆሎ አረም፣ የጤፍና የኑግ እርሻ በአንድ ጊዜ ስለሚደራረቡ፣ ገበሬው የሰው ጉልበት ሲያጥረው ወደ መርጫው ፊቱን ቢያዞር አያስደንቅም።

ከዚህም የተነሣ ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማህበራት ሁለት ጥያቄዎች በተደጋጋሚ ይቀርባሉ። አንደኛው፣ «በቆሎውን ያልጎዳ መድኃኒት ጎመኔን ለምን ገደለው?» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ «መድኃኒቱን የሚችል ጎመን ምርምሩ ለምን አያወጣልንም?» የሚል ነው።

ይህ ጽሑፍ ለሁለቱም ጥያቄዎች መልስ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው። መልሱ ባጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው፦ ፀረ-አረምን የመቋቋም ባሕርይ ከዱር ወይም ከአረም ዘመድ በማዳቀል ወደ ጎመን ወገኖችና ወደ ሰላጣ ማሻገር ይቻላል፤ በሌሎች አገሮችም ተሠርቷል። ነገር ግን ባሕርዩ በነፃ አይገኝም፤ የሚያስከፍለው ዋጋ አለ። ዛሬ በገበሬው ጓሮ ያለው ጎመን ይህ ባሕርይ የለውም። ስለዚህ ባለው ዘር ጥንቃቄ ማድረግ ግዴታ ነው።

2. በቆሎ ለምን ይድናል? ጎመን ለምን ይሞታል?

አትራዚን በአብዛኛው በሥር በኩል ገብቶ ከውሃ ጋር ወደ ቅጠል ይወጣል። በቅጠሉ ውስጥ ክሎሮፕላስት የሚባሉ፣ ተክሉ በፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚያዘጋጅባቸው ጥቃቅን አረንጓዴ አካላት አሉ። አትራዚን ከነዚህ ውስጥ በአንድ ፕሮቲን ላይ ገብቶ ይቀመጥና ከብርሃን የተገኘው ኃይል የሚተላለፍበትን መንገድ ይዘጋል። ኃይሉ መሄጃ ሲያጣ ቅጠሉን ያቃጥላል።

በቆሎ የሚድነው መርዙ ስለማይገባበት አይደለም። በቆሎ በሥሩና በቅጠሉ ውስጥ አትራዚንን ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር አጣብቆና ለውጦ ጉዳት የማያደርስ ስለሚያደርገው ነው። ማሽላም እንዲሁ ነው። ጎመን፣ ቲማቲም፣ በርበሬ፣ ቦሎቄና ኑግ ይህን ሥራ በበቂ ፍጥነት መሥራት አይችሉም።

የጉዳቱ ምልክት ከሌላ በሽታ ሊለይ ይገባዋል። የጎመኑ ዘር በደንብ ይበቅላል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጠሎችም ደህና ይመስላሉ፤ ምክንያቱም የሚመገቡት ከዘሩ ስንቅ ነው። ከዚያ በኋላ ቅጠሎቹ ከጠርዛቸው ጀምሮ ቢጫ ይሆናሉ፤ ይደርቃሉ። ጉዳቱ ከታችኞቹና ካረጁት ቅጠሎች ይጀምራል። በ2,4-ዲ (ቱ-ፎር-ዲ) የተጎዳ ተክል ግን ግንዱና የቅጠሉ አንገት ይጣመማል፤ የቲማቲምና የበርበሬ ቅጠልም ይጨማደዳል።

3. ባሕርዩ የተገኘው ከአረም ነው

አንድን መድኃኒት በአንድ መሬት ላይ በየዓመቱ መርጨት፣ ሳያውቁት አረም እንደመምረጥ ይቆጠራል። ከብዙ ሺህ አረም መካከል በተፈጥሮ ለውጥ ምክንያት መድኃኒቱ የማይገድለው አንድ ተክል ካለ፣ ሌላው ሲሞት እርሱ ዘር ያፈራል። በጥቂት ዓመታት ውስጥም ማሳውን ይሞላል።

የአትራዚንን ወገን መድኃኒቶች የሚቋቋም አረም መኖሩ በሳይንስ ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው በ1970 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ዋሽንግተን ክፍለ ሀገር ነው። ለጎመን ወገን ይበልጥ የሚጠቅመው ግኝት ግን ከካናዳ የመጣ ነው። በኩቤክ፣ አትራዚን ለዓመታት በተረጨባቸው የበቆሎ ማሳዎች ውስጥ ብራሲካ ራፓ የሚባለው የጎመን ዘመድ አረም ሳይሞት ቀረ። በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. የተደረገው ጥናት ሁለት ነገሮችን አሳየ።

አንደኛ፣ ተክሉ አትራዚኑን አያፈርሰውም፤ መድኃኒቱ የሚቀመጥበት ቦታ ራሱ ተለውጧል። ከዚያ በኋላ በተደረገ ጥናት በፕሮቲኑ ሰንሰለት 264ኛው ቦታ ላይ ያለው ሴሪን የሚባል አካል በግላይሲን መተካቱ ታወቀ። ጓጉንቸሩ ስለተለወጠ ቁልፉ አልገባም ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ይህ ባሕርይ የሚወረሰው ከእናት ብቻ ነው። የዘረ-መሉ ቦታ በክሎሮፕላስቱ ውስጥ በመሆኑ፣ ክሎሮፕላስትም በሴቴው የዘር እንቁላል በኩል እንጂ በአበባ ዱቄት ስለማይተላለፍ ነው። ይህ ነጥብ ለአዳቃዩም፣ ወደፊት እንደምናየው ለገበሬውም፣ ትልቅ ትርጉም አለው።

4. የጎመን ዘመዳሞች

ዘርን ከዘር ማዳቀል የሚቻለው ዝምድና ሲኖር ነው። የጎመን ወገኖች ዝምድና በ1935 እ.ኤ.አ. ናጋሃሩ ዩ በተባሉ ተመራማሪ በግልጽ ተቀምጧል። ሦስት መሠረታዊ ወላጆች አሉ፦

ሀ. ሰናፍጭ (ብራሲካ ናይግራ)፣ 8 ጥንድ ክሮሞሶም ያለው፤
ለ. ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመንና ብሮኮሊ የሚመደቡበት (ብራሲካ ኦሌራሲያ)፣ 9 ጥንድ ያለው፤
ሐ. የቻይና ጎመንና ተርኒፕ የሚመደቡበት፣ ከላይ የተጠቀሰው አረምም ወገኑ የሆነው (ብራሲካ ራፓ)፣ 10 ጥንድ ያለው።

እነዚህ ሦስቱ በጥንት ዘመን በተፈጥሮ እርስ በርሳቸው ተዳቅለው ሦስት ልጆች አስገኝተዋል፦

መ. የአበሻ ጎመን ወይም ጎመን ዘር (ብራሲካ ካሪናታ)፣ ከሀ እና ከለ የተወለደ፣ 17 ጥንድ ያለው፤
ሠ. የምሥራቅ ሰናፍጭ (ብራሲካ ጀንሲያ)፣ ከሀ እና ከሐ የተወለደ፣ 18 ጥንድ ያለው፤
ረ. ራፕሲድ ወይም ካኖላ (ብራሲካ ናፐስ)፣ ከለ እና ከሐ የተወለደ፣ 19 ጥንድ ያለው።

ስለዚህ በጓሯችን የምናለማው ጎመን ራሱ የሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ዲቃላ ነው። የሰናፍጭ ወገን ከጥቅል ጎመን ወገን ጋር ተገናኝቶ የተገኘ፣ አገሩም ኢትዮጵያ የሆነ ሰብል ነው። ዝርያን ከዝርያ ማዳቀል ለጎመን እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

5. የማዳቀሉ አሠራር

5.1 ባሕርዩ በክሎሮፕላስት ሲሆን

ባሕርዩ ከእናት ብቻ ስለሚወረስ፣ መድኃኒቱን የሚቋቋመው አረም የግድ እናት መሆን አለበት። የአረሙ አበባ ከመፈንዳቱ በፊት እምቡጡ በጥንቃቄ ተከፍቶ የወንዴው ክፍሎች በመቆንጠጫ ይነቀላሉ። ከዚያ በኋላ የሰብሉ የአበባ ዱቄት በሴቴው ጫፍ ላይ ይደረጋል፤ አበባውም ንብ እንዳይደርስበት በከረጢት ይሸፈናል።

ከዚህ የሚገኘው የመጀመሪያ ልጅ ግማሹ አረም ነው። ስለዚህ ልጁ እንደገና እናት ሆኖ፣ በሰብሉ የአበባ ዱቄት በየትውልዱ ይዳቀላል። ይህ መልሶ ማዳቀል ይባላል። በአንድ መልሶ ማዳቀል የሰብሉ ድርሻ በአማካይ 75 በመቶ፣ በሁለት 87.5 በመቶ፣ በሦስት ወደ 94 በመቶ፣ በአምስት ደግሞ ከ98 በመቶ በላይ ይደርሳል። በመጨረሻ የሚገኘው ተክል መልኩም ጣዕሙም የሰብሉ፣ ክሎሮፕላስቱ ግን የአረሙ ይሆናል።

በካናዳ የጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ ቤቨርስዶርፍና ባልደረቦቻቸው በዚህ መንገድ ባሕርዩን ከአረሙ ወደ ቅባት ሰብሎቹ ማሻገራቸውን በ1980 እ.ኤ.አ. አሳወቁ። በ1984 እ.ኤ.አ. ኦኤሲ ትራይተን የተባለው የካኖላ ዝርያ ለገበሬ ተለቀቀ።

ወደ ጥቅል ጎመን ወገን ለማሻገር ግን ሥራው ከበደ። ባለ 19 ጥንዱን ካኖላ ከባለ 9 ጥንዱ ጎመን ጋር ሲያዳቅሉት ሽሉ በቆርፋው ውስጥ ገና ሳይጎለምስ ይሞታል። ስለዚህ ሽሉ ከመሞቱ በፊት ወጥቶ በብልቃጥ ውስጥ በተዘጋጀ ምግብ ላይ እንዲያድግ ይደረጋል። ይህ ዘዴ ሽል ማዳን ይባላል። የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመጀመሪያዎቹን ዲቃላዎች በዚህ ዘዴ ማግኘታቸውን በ1987 እ.ኤ.አ. አሳወቁ። ከሦስት መልሶ ማዳቀል በኋላም በ1989 እ.ኤ.አ. እንደ ጥቅል ጎመን 18 (9 ጥንድ) ክሮሞሶም ብቻ ያለው፣ አትራዚንን የሚቋቋም ተክል መገኘቱን ገለጹ። በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲም በ1991 እ.ኤ.አ. ሕዋሶችን በማዋሃድ አትራዚንን የሚቋቋም ብሮኮሊ መገኘቱን አስታወቀ።

5.2 ባሕርዩ በኒውክለስ ሲሆን

ሁለተኛው ምሳሌ ሰላጣ ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አይዳሆ፣ ሰልፎኒልዩሪያ የሚባሉ ፀረ-አረሞች ለአምስት ዓመት ያህል በተረጩበት የስንዴ ማሳ ውስጥ የዱር ሰላጣ ሳይሞት ተገኘ። የዱር ሰላጣና የምንበላው ሰላጣ በቀላሉ ይዳቀላሉ። ተመራማሪዎቹም ባሕርዩን ወደ ሰብሉ አሻግረው ለአዳቃዮች የሚያገለግል የዘር ምንጭ አወጡ። ይህ ባሕርይ በኒውክለስ ውስጥ ስለሆነ ከእናትም ከአባትም ይወረሳል። ለአዳቃዩ ሥራው ይቀላል፤ ነገር ግን በአበባ ዱቄት አማካይነት ወደ አረም መመለሱም ያንኑ ያህል ይቀላል።

እነዚህ ሁሉ በተለመደው የማዳቀልና የመምረጥ ወይም የሕዋስ ሥራ የተገኙ ናቸው። ከሌላ ሕያው አካል ዘረ-መል ቆርጦ በማስገባት ከተገኙት ሰብሎች ጋር ሊምታቱ አይገባም።

6. በአገራችን ያለው ልምድና ለጎመናችን የሚሆነው መንገድ

በአገራችን ተወላጅ በሆነው ጎመን ዘር ላይም የዚህ ዓይነት ማዳቀል ተሠርቷል፤ ዓላማው ግን ፀረ-አረም አልነበረም። የጎመን ዘር ዘይት ኢሩሲክ አሲድ የሚባል፣ ለምግብ ዘይት የማይፈለግ ንጥረ ነገር በብዛት አለበት። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ጌትነት ዓለማው ከካናዳ ባልደረቦቻቸው ጋር ጎመን ዘርን ይህ አሲድ ከሌለበት የምሥራቅ ሰናፍጭ ጋር አዳቅለው፣ ከኢሩሲክ አሲድ ነፃ የሆነ ጎመን ዘር መገኘቱን በ1994 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ይህ ሥራ የሚያሳየው፣ የሚፈለገው ባሕርይ በዘመድ ዝርያ ውስጥ እስከተገኘ ድረስ ወደ ጎመናችን ማምጣት የሚቻል መሆኑን ነው።

አትራዚንን የመቋቋም ባሕርይ ወደ ጎመናችን ይምጣ ቢባል፣ አመቺው መንገድ ባሕርዩን የያዘውን ካኖላ እናት አድርጎ በአበሻ ጎመን የአበባ ዱቄት ማዳቀል ነው። ሁለቱ ከጥቅል ጎመን ወገን የመጣውን ዘጠኝ ጥንድ ክሮሞሶም ስለሚጋሩ፣ ከአረሙ ጋር በቀጥታ ከማዳቀል ይሻላል። ከዚያ በኋላ አምስት ጊዜ ያህል በአበሻ ጎመን መልሶ ማዳቀል ያስፈልጋል። በዓመት አንድ ትውልድ ከሆነ ስድስት ዓመት፣ በመስኖ ሁለት ትውልድ ከተገኘ ሦስት ዓመት ያህል ይወስዳል። በልዩ ልዩ ቦታ የሚደረገው የምርት ሙከራ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

7. ባሕርዩ የሚያስከፍለው ዋጋ

ሀ. ምርት ይቀንሳል። የተለወጠው ፕሮቲን አትራዚንን ባያስቀምጥም፣ የብርሃኑን ኃይል የማስተላለፍ ሥራውንም እንደ ቀድሞው አይሠራም። በካናዳ ይህን ክሎሮፕላስት የያዙ ካኖላዎች፣ ባሕርዩ ከሌላቸው እህቶቻቸው ሲነጻጸሩ ምርታቸው በ20 በመቶና ከዚያም በላይ ቀንሶ ተገኝቷል። ቅጠሉ ለሚበላ ጎመን ይህ ማለት ከአምስት እቅፍ አንዱን በየዓመቱ፣ መድኃኒት ቢረጭም ባይረጭም፣ ማጣት ማለት ሊሆን ይችላል።

ለ. ሰብሉ ራሱ አረም ይሆናል። ከጎመን ቆርፋ የረገፈ ዘር በሚቀጥለው ዓመት በበቆሎ ማሳ ውስጥ ቢበቅል፣ አትራዚን አይገድለውም። በካናዳ አልበርታ የተለያዩ ፀረ-አረሞችን የሚቋቋሙ ካኖላዎች በጎረቤት ማሳዎች ተዘርተው፣ ሦስት መድኃኒቶችን በአንድነት የሚቋቋም ወፍ ዘራሽ ካኖላ መገኘቱ በ2000 እ.ኤ.አ. ተገልጿል።

ሐ. ባሕርዩ ወደ አረም ሊሻገር ይችላል። በአገራችን ሰናፍጭ በየማሳው ዳር ይበቅላል፤ የዱር ፍጅልም አለ። በክሎሮፕላስት ያለው ባሕርይ በአበባ ዱቄት ስለማይሄድ ሥጋቱ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን ጎመኑ እናት ሆኖ ከአረሙ ዱቄት ከተቀበለ፣ የሚወድቀው ዲቃላ ዘር ባሕርዩን ይይዛል። በኒውክለስ ያለው ባሕርይ ግን ከንብ ጋር በሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል። በኩቤክ ከካኖላ ወደ አረሙ ብራሲካ ራፓ የተሻገረ የመቋቋም ዘረ-መል፣ መድኃኒቱ ባይረጭም እንኳ ለዓመታት አለመጥፋቱ በ2008 እ.ኤ.አ. ታትሟል።

መ. የቤተሰቡ ዘር ይቀላቀላል። በወለጋ የጎመን ዘር በአብዛኛው ከገበያ ሳይሆን ከራስ ጓሮ ተለቅሞ፣ በእናቶች እጅ ተጠብቆ፣ ለጎረቤትም ተሰጥቶ የሚኖር ነው። አንድ ጊዜ የገባ ባሕርይ መልሶ ማውጣት አስቸጋሪ ነው።

ሠ. ውሃና ምግብ። ተክሉ አለመሞቱ ቅጠሉ ለምግብ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። አትራዚን በአፈር ውስጥ አልፎ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ የሚደርስ በመሆኑ የአውሮፓ ኅብረት በ2004 እ.ኤ.አ. ከአገልግሎት እንዲወጣ ወስኗል። ምንጭና ጉድጓድ በሚጠጣበት፣ ውሃውም ወደ ዴዴሳና ወደ አንገር በሚወርድበት አገር ይህ ሊታሰብበት ይገባል።

8. ለወለጋ ይጠቅማል ወይ?

ይህ ባሕርይ በሌላ አገር ያዋጣው የት እንደሆነ ማየት ይረዳል። በአውስትራሊያ ባሕርዩን የያዘው ካኖላ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተለቆ በሰፊው ተዘርቷል። ምክንያቱ የዱር ፍጅል የካኖላ ማሳዎችን ስለወረረ ነው። የዱር ፍጅል የሰብሉ ዘመድ በመሆኑ፣ ሰብሉን ሳይነካ አረሙን የሚገድል ሌላ መድኃኒት አልነበረም። ማሳው በመቶ የሚቆጠር ሄክታር ነው፤ በእጅ ማረም አይታሰብም። እዚያ ገበሬው በአረም የሚያጣው በባሕርዩ ዋጋ ከሚያጣው ይበልጥ ነበርና የምርቱን መቀነስ ተቀበለ።

የወለጋ የጎመን መሬት ግን በአብዛኛው የጓሮ መደብ ነው። በእጅና በመኮትኮቻ ይታረማል፤ የታረመውም ለከብት ይሆናል። ዋናዎቹ አረሞች ሙጃ፣ እንግጫ፣ መጭ፣ ጭጎጎትና የውሃ አንቁር እንጂ የጎመን ዘመዶች አይደሉም። በእንዲህ ያለ ሁኔታ በየዓመቱ ከምርቱ አንድ አምስተኛውን መክፈል አያዋጣም።

ባሕርዩ ሊታሰብ የሚችለው ጎመን ወይም ጎመን ዘር በሰፊው በሚዘራበትና ከበቆሎ ጋር በሚፈራረቅበት ቦታ፣ ለምሳሌ በትልልቅ የማህበር እርሻዎች ላይ ነው። እዚያም ቢሆን የምርት ሙከራው በአካባቢው ተደርጎ ጥቅሙ ከጉዳቱ መብለጡ ሊረጋገጥ ይገባዋል።

9. በአሁኑ ጊዜ ሊደረግ የሚገባው

የአገር ቤቱ ጎመንም ሆነ ከሆለታ ምርምር የወጡት እንደ የሎው ዶዶላ ያሉት የጎመን ዘር ዝርያዎች አትራዚንን እንዲቋቋሙ የተዳቀሉ አይደሉም። ስለዚህ የሚከተለው ይመከራል።

9.1 መሬትን መምረጥ። አትራዚን በተረጨበት መሬት በዚያው ወቅት ጎመን መትከል አይገባም። በአሜሪካ መለያዎች በእንዲህ ያለ መሬት እስከሚቀጥለው ዓመት ድረስ ከበቆሎና ከማሽላ ሌላ ሰብል እንዳይዘራ ተጽፏል። የወለጋ አፈር አሲዳማ በመሆኑ አትራዚን በእንዲህ ያለ አፈር ፈጥኖ ይፈርሳል። አሲድነቱን ለማስወገድ ኖራ በብዛት በፈሰሰበት መሬት ግን መድኃኒቱ የሚቆይበት ጊዜ ሊረዝም እንደሚችል ለገበሬው መንገር ያስፈልጋል። ደረቅ ወቅትም እንዲሁ ያቆየዋል።

9.2 የጣሳ ሙከራ። ከመትከል አንድ ወር አስቀድሞ ከተረጨው ማሳ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ቦታ፣ እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር ወስዶ መቀላቀል፤ ካልተረጨ ቦታም እንዲሁ ማድረግ። ሁለቱን አፈር ሥራቸው በተበሳ ጣሳዎች ሞልቶ በእያንዳንዱ አሥር የጎመን ዘር መዝራት፤ ውሃ እያጠጡ ሙሉ ፀሐይ በሚያገኝበት ቦታ ማቆየት። አትራዚን የሚገድለው በብርሃን ስለሆነ ጥላ ያለበት ቦታ ሙከራውን ያሳስታል። በሦስት ሳምንት ውስጥ የተረጨው አፈር ላይ ያለው ከጠርዙ ቢጫ ከሆነና ሌላው ደህና ከሆነ፣ መሬቱ ለጎመን አልደረሰም። ሙከራው ለቦሎቄ፣ ለአኩሪ አተርና ለኑግም ያገለግላል።

9.3 ርጭት። በቆሎው መካከል ጎመን ወይም ቦሎቄ ጣል ከተደረገበት፣ ወይም አንጮቴ ከተተከለበት፣ አትራዚን ፈጽሞ አይረጭም። ነፋስ በሌለበት ማለዳ መርጨት፣ ለጓሮው የሚቀርበውን ዳር ሳይረጩ በእጅ ማረም ይበጃል። ለ2,4-ዲ ያገለገለ የጀርባ መርጫ ለበርበሬና ለቲማቲም መድኃኒት መርጫ መሆን የለበትም፤ ማህበሩ ሁለት መርጫ ለይቶና ቀለም ቀብቶ ቢያስቀምጥ ይመረጣል። የመርጫ እጣቢ ምንጭና ወንዝ አጠገብ አይደፋም።

9.4 ጎመንን ያለ መድኃኒት ማረም። መሬቱን አለስልሶ ሁለት ሳምንት ያህል ማቆየትና የበቀለውን አረም በቀላሉ ገልብጦ ችግኙን መትከል የአረሙን ብዛት በእጅጉ ይቀንሳል። በመስመር መትከል ኩትኳቶውን ያፋጥናል። ከተከላ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ አራትና አምስት ሳምንታት ከአረም ነፃ ከሆኑ፣ ጎመኑ ቅጠሉን ዘርግቶ የቀረውን አረም ራሱ ያፍናል።

9.5 «መድኃኒት የሚችል ዘር» ሲቀርብ። ማህበሩ ዘሩን ከመግዛቱ በፊት አምስት ጥያቄዎች ይጠይቅ፦ የሚቋቋመው የትኛውን መድኃኒት ነው? ባሕርዩ በአበባ ዱቄት ይሄዳል ወይስ ከእናት ብቻ ይወረሳል? ባሕርዩ ከሌለው እህቱ ጋር ሲነጻጸር ምርቱ ስንት ነው? ዝርያው በአገራችን ተመዝግቧል? መድኃኒቱስ በፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት ተመዝግቦ፣ በመለያው ላይ ለጎመን እንደሚሆን ተጽፎበታል? ለአንዱ እንኳ መልስ ከሌለ ዘሩን መተው ይሻላል። አትራዚንን የሚቋቋም ተክል 2,4-ዲን ወይም ግላይፎሴትን ይቋቋማል ማለት አለመሆኑም ለአባላት ይነገር።

9.6 ያልሞተ ተክል ሲገኝ። የኩቤክም ሆነ የአይዳሆ ግኝት የመጣው «ይህ አረም ለምን አልሞተም?» ብሎ ከጠየቀ ሰው ነው። በወለጋ ማሳም ሁሉም ሲሞት አንድ ጎመን ወይም አንድ ሰናፍጭ ቆሞ ቢታይ፣ በአብዛኛው መድኃኒቱ ያልደረሰው ስለሆነ ነው። ነገር ግን ከዓመት ዓመት በዚያው ቦታ ቁጥሩ እየጨመረ ከሄደ ዘሩን ለቅሞ፣ የማሳውን የርጭት ታሪክ ጽፎ፣ ለባኮ ወይም ለሆለታ ምርምር ማዕከል ማሳወቅ ያስፈልጋል። ይህ ወይ ለአዳቃዩ ጠቃሚ የባሕርይ ምንጭ፣ ወይ ለገበሬው የአደጋ ምልክት ነው፤ በሁለቱም በኩል ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። አንድን መድኃኒት በየዓመቱ አለመደጋገም ግን ከሁሉ የሚቀድም ጥንቃቄ ነው።

10. ማጠቃለያ

ፀረ-አረምን የመቋቋም ባሕርይን ከአረም ዘመድ ወደ ጎመን ማሻገር በካናዳና በአሜሪካ ተሠርቶ የታየ ነው፤ ጎመናችንም ራሱ የሁለት ዝርያዎች ዲቃላ በመሆኑ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ሆኖም በክሎሮፕላስት የሚመጣው ባሕርይ ምርትን ይቀንሳል፤ በኒውክለስ የሚመጣው ወደ አረም ይሻገራል። በእጅ ለሚታረም የጓሮ ጎመን ይህ ዋጋ ከጥቅሙ ይበልጣል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ለገበሬው ሊያደርስ የሚገባው ምክርም ይኸው ነው፦ የበቆሎውን መድኃኒት ከጎመኑ መሬት ማራቅ፣ አፈሩን በጣሳ መሞከር፣ መርጫውን መለየትና ያልተመዘገበ ዘር አለመቀበል።